ለአምባዛዎቹ የተበተነ ሰደቃ

አባቴ ዓሳ ሲመግብ ቸኩሎ አያውቅም ነበር። ጠዋት ጉሙ ከሶር ወንዝ በኩል ተነስቶ በጓሯችን ሲያልፍ፣ ፀሐይም ልውጣ አልውጣ እያለች ስታመነታ፣ እሱ የጎማ ጫማውን አጥልቆ ኩሬው ዳር ይቆምና ውሃው ትንሽ እስኪሞቅ ይጠብቃል። ወፍጮ ቤት ስለነበረን ከቅንድቡ ላይ ዱቄት ጠፍቶ አያውቅም። ከኩሽናው በር ላይ ሆኜ ሳየው ጉሙም ነጭ፣ እሱም ነጭ፣ ሰውዬው የቱ ጋ እንደሚያልቅ ይጠፋኝ ነበር። ከዚያ ድምፁ ይመጣል። «ኮታ፣ ኛዳ» ይላቸዋል በኦሮምኛ፤ ኑ፣ ብሉ ማለቱ ነው። ያኔ ውሃው ከሥሩ መላወስ ይጀምራል።

አምባዛ ነበሩ። ጥቁር፣ ቅርፊት የሌላቸው፣ ረጃጅም ፂማቸውን እያወዛወዙ ከጭቃው ጨለማ ብቅ የሚሉ። ብዙ ሆነው በትንሽ ኩሬ ውስጥ ታጭቀው ነው የሚኖሩት። የወንዝ ዓሳ የሚበላውን ራሱ ይፈልጋል፤ የእኛዎቹ ግን ከሰው እጅ በቀር የሚጠብቁት ነገር አልነበራቸውም። አባቴ እጄን ካጠፍኩባቸው እርስ በርስ ይበላላሉ፣ እጄን ካበዛሁባቸው ደግሞ ውሃው ይታመማል ይል ነበር። ትልልቆቹ ትንንሾቹን እንዳይውጡም በየጊዜው በመረብ እያወጣ ይለያያቸዋል። እኔ እንደሆንኩ ለእንዲህ ያለ ነገር ትዕግሥት አልተፈጠረልኝም፤ አንዴ በመረቡ ላግዝ ብዬ ገብቼ አንዱ በጅራቱ ፊቴን በጥፊ ሲለኝ ጥዬው ወጣሁ። አባቴ ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ።

ምግባቸውን የሚያሰናዱት ከእናቴ ጋር ነበር። የወፍጮው ጥራጊ፣ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ ተቆልቶ የተፈጨ አኩሪ አተር ይገባበታል፤ ምስጥ በሚወጣበት ሰሞን ደግሞ ምስጥ። ከወረዳው የምትመጣው የዓሳ ባለሙያ ከቄራ ደም አምጥታችሁ ብትጨምሩበት ቶሎ ይወፍራሉ ብላው ነበር። አባቴ ግን ቀስ ብለው ይደጉ ምን አስቸኮላቸው ብሎ ደም ከግቢው አላስገባም። እናቴ ታቦካዋለች፣ በእንፋሎት ታበስለዋለች፤ እሱ በሥጋ መፍጫ እያሽከረከረ እንደ ፓስታ እየመዘዘ ያወጣዋል። መቱ ላይ ፀሐይ ተማምኖ ነገር የሚያሰጣ ሰው የለም፤ ዝናቡ አንዴ ከጀመረ ማቆሙን ይረሳዋል። ስለዚህ የዓሳው ምግብ የሚደርቀው ከወፍጮው ሞተር በላይ በተሰቀለ ቆርቆሮ ላይ ነበር። ቤታችን ዘወትር አኩሪ አተርና ናፍጣ ይሸታል። አግብቼ ጎሬ ከገባሁና የልብስ ሱቅ ከከፈትኩ በኋላ እንኳ ያ ሽታ አዲስ ቀሚስ ስዘረጋ ድንገት ይመጣብኝ ነበር፤ ያኔ ደንበኛ ፊት ቆሜ ሐሳቤ ኩሬው ዳር ይሄዳል።

ሁለቱ የሚጨቃጨቁት በአንድ ነገር ብቻ ነው። አባቴ ዓሳዎቹ ገና እየፈለጉ እጁን ያነሳል። ሲሽቀዳደሙ ያያል፣ ጥድፊያቸው ትንሽ ረገብ ሲል ያቆማል፣ የቀረውን በጣሳው ይዞ ይመለሳል። ለእናቴ ይህ ነውር ነበር። እንግዳ አፉን ከፍቶ እያየ ማዕድ ይነሳል እንዴ? በእሷ ቤት ጠግቤያለሁ ያለ ሰው ገና መጀመሩ ነው፤ በሞቴ ትልሃለች፣ አፈር ስሆን ትልሃለች፣ ወደድክም ጠላህም ትጎርሳለህ። አባቴ ወፍጮው ጋ ሲገባ ጠብቃ በሻርፗ ጫፍ የቋጠረችውን ትበትንላቸዋለች። እሱም ያውቅባት ነበርና እህል ሊያስፈጩ ለመጡት ሁሉ የዚችን ሴትዮ እጅ እሰሩልኝ እያለ ያሾፍባታል። ከሷ በላይ የሚስቅ አልነበረም።

ከዚያ ታመመ። ስለ በሽታው ሐኪሞቹ ብዙ ነገር ብለውናል፣ ግማሹን አላስታውሰውም። የማስታውሰው መጨረሻ ላይ ወደ ቤት ውሰዱት መባሉን ነው። ጎሬ ያለውን ሱቄን ለባሌ ትቼ መቱ መጥቼ ከረምኩ። እናቴ አጥሚት ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥና ማንኪያውን አፉ ላይ ታደርስለታለች። በሞቴ ትለዋለች። አፉን ይገጥማል። አፈር ስሆንልህ ትለዋለች። ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። አንድ ቀን ማንኪያውን በእጁ ገፋውና አጥሚቱ በሻርፗ ላይ ፈሰሰ። በማግስቱ ጠዋት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን በቀስታ እየመታ ሳለ፣ አረፈ።

ወፍጮው ቆመ። ዕድሜዬን ሙሉ የዝናቡን ድምፅ ከሞተሩ ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ ነበር የምሰማው፤ ብቻውን ስሰማው ሌላ አገር ያለሁ መሰለኝ። ግቢው ድንኳን ተጣለበት። ሰው ከአጎራባቾቹ ከቡሬም ከኖፓም እየመጣ አላህ ይዘንለት ይላል፣ ክርስቲያኑ ነፍስ ይማር ይላል። እናቴ ለሁሉም የምትመልሰው አንድ ቃል ነበር።

«ሳይበላ ሄደ።»

ሌላ አትልም። አላህ ያጽናሽ ይሏታል፣ ተርቦ ነው የሄደው ትላለች። በእሷ ሐሳብ አንድ ሰው፣ ያውም ባሏ፣ ከእሷ እጅ ላይ ተርቦ ወጥቷል። እሷም እህል እምቢ አለች። ሻይ ትጠጣለች፣ ቴምር ብንሰጣት በጣቷ ስታገላብጠው ትቆይና መልሳ ታስቀምጠዋለች። ፊቷ በሻርፑ ውስጥ በየቀኑ ሲያንስ አያለሁ። እውነቱን ለመናገር ከአባቴ ሞት ይልቅ ያ ነበር ያስፈራኝ። ሁለተኛ መቃብር ልናስቆፍር ነው እል ነበር።

ታዲያ ከለቀስተኞቹ መካከል ከኖፓ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ፣ የወፍጮው የድሮ ደንበኛ። ድንኳኑ ውስጥ ትንሽ ተቀምጠው ዱዓ ካደረጉ በኋላ ዓሳዎቹ የት ናቸው ብለው ጠየቁ። ወሰድኳቸው። እናቴም ከኋላችን መጣች፤ የባል ሐዘን ላይ ያለች ሴት ከግቢ ስለማትወጣ ኩሬው ድረስ መሄድ ለሷ ሩቅ መንገድ ነበር። ሽማግሌው ከጣሳው ጭብጥ ሙሉ አንስተው ውሃው ላይ በተኑና ለሟቹ ሰደቃ ይሁንለት አሉ። ነፍስ ያለውን ፍጡር ያበላ ምንዳ አለው፣ ምንዳውም ለሞተው ሊሰጥ ይችላል ብለው አስረዷት። እናቴ ቀና አለች። ከሞተ ወዲህ ዓይኗ በደንብ ተከፍቶ ያየሁት ያኔ ነው።

«ይደርሰዋል?» አለቻቸው።

«ኢንሻአላህ ይደርሰዋል።»

በቃ፣ ከዚያ በኋላ የሚያቆማት አልተገኘም። የመጣውን ለቀስተኛ ሁሉ ድንኳን ሳይገባ በፊት ወደ ኩሬው ትወስደዋለች። ጣሳውን ታቀብለዋለች፣ ይበትናል፣ ዱዓ ያደርጋል፣ ከዚያ ይቀመጣል። ወሬው ተዛመተና ሰው ከቤቱ ይዞ መምጣት ጀመረ። የቡሬ ሴቶች የበቆሎ ቂጣ በፌስታል አመጡ። ዳቦ ቤት ያለው ሰውዬ የደረቀ ዳቦ በጆንያ ላከ። የጎረቤታችን እትዬ፣ ቅርፊት የሌለው ዓሳ በአፌ አይዞርም የሚሉት፣ ድርቆሽ በሰፌድ ይዘው ከተፍ አሉ። እኔ አልበላቸው እንጂ ማብላት ማን ከለከለኝ እያሉ ፍርፍር አድርገው በተኑት፤ ነፍስ ይማር ብለው አማተቡ።

ያንን ነገር አሁንም በሕልሜ አየዋለሁ። ጭጋግ ነው። ሰዎቹ ጥላ ይዘው በኩሬው ዙሪያ ቆመዋል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ የሚሉት ግን አይሰማም። እጅ ይዘረጋል፣ ነጭ ነገር ይወድቃል፣ ጥቁር ውሃው ይገላበጣል። ፂማም አፎች ብቅ ይላሉ፣ ይከፈታሉ፣ ይጠፋሉ። ከአንዱ ጥላ ሥር አባቴ የቆመ ይመስለኛል፤ ስጠጋ ሌላ ሰው ነው። እናቴ በመካከላቸው እየተዘዋወረች ጨምሩለት፣ አትሰስቱ፣ ጨምሩለት ትላለች። ቆንጆ ነበር፣ ወላሂ ቆንጆ ነበር። ኩሽናው በር ላይ ተደግፌ በደስታ ነው ያለቀስኩት።

ለቅሶው አልቆ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላም አላቆመም። እናቴ ጎህ ሲቀድ ትበትናለች፣ ረፋዱ ላይ ትበትናለች፣ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ። የሚያልፍ የሚያገድመውን ትጠራለች። ዓሳዎቹም መጀመሪያ ላይ አሳፍረዋት አያውቁም፤ የሰጠቻቸውን ሁሉ ይውጡ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ተንሳፍፎ የሚቀር ቁራሽ ማየት ጀመርኩ። ያብጣል፣ ይፈራርሳል፣ ይሰምጣል። ውሃው ጠቆረ፣ ዳር ዳሩን አረፋ ያዘ። ልብስ ሳሰጣ ከጓሮ በኩል የኮመጠጠ ሽታ ይመጣብኛል። ዓሳዎቹ ድሮ አየር ሊስቡ ብቅ ብለው ወዲያው የሚጠልቁት፣ አሁን አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው እዚያው ይንጠለጠላሉ። ጥላዬ ሲያርፍባቸው እንኳ አይሸሹም።

እኔ ደግሞ ነገር በሆዴ አላሳድርም። አንድ ቀን ከነጆንያው ፉርሽካ ይዞ የመጣ ሰው በሩ ላይ አግኝቼ አላህ ይስጥልን፣ ዓሳ አልቋል ብዬ መለስኩት። እናቴ ሰማች። የምግቡን ጎተራ ቁልፍ ከወገቤ ላይ መንጭቃ ወሰደችው፤ ያ አቅም ከየት እንደመጣ እንጃ። ዓሳዎቹ እየሞቱ ነው፣ አባባ ራሱ ቢሆን በቃ ይል ነበር እያልኩ ጮህኩባት። እሷ አልጮኸችም።

«አባትሽን ሳላበላው ቀረሁ። አሁንም አታብዪው ነው የምትዪኝ?»

ኩሽና ገብቼ ድስት ማጠብ ጀመርኩ፤ የታጠበውን ድስት እንደገና አጠብኩት።

በማግስቱ ጠዋት የሞቱ ነበሩ። ነጭ ሆዳቸውን ሰጥተው ወደ ዳር ተገፍተዋል። እናቴ ቀድማኝ ደርሳ ነበር። ጣሳውን ደረቷ ላይ ይዛ ለቀሩት ትበትናለች። ቁራሾቹ ውሃው ላይ ይዋልላሉ፣ የሚጠጋቸው የለም። ጎንበስ ብላ በእሱ ድምፅ፣ በእሱ ቋንቋ ኮታ፣ ኛዳ አለቻቸው። ደግማ አለቻቸው። አንዱ ትልቅ አምባዛ ከእጇ ሥር አፉን ወደ ላይ አድርጎ ተንጠልጥሏል፤ ቁራሹ ፂሙን ነክቶት አለፈ።

«በሞቴ» አለችው።

ከዚያ በላይ ማየት አልቻልኩም። ስልኬን አውጥቼ ባለሙያዋ ጋ ደወልኩ።

ባለሙያዋ በሞተር ሳይክል መጣች፣ እስከ ጉልበቷ በጭቃ ተለውሳ። ወጣት ናት፤ አባቴ ሲቀበር ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ያለቀሰች። እናቴን ጉልበቷን ልትስም ዝቅ አለች፣ ከዚያ ምንም ሳትጠይቅ ወደ ውሃው ሄደች። ረጅም እንጨት ሰድዳ ታችኛውን አተላ ቀሰቀሰችው። የሰደቃው ሁሉ፣ የቡሬው ቂጣ፣ የእትዬ ድርቆሽ፣ ዳቦው፣ ጥቁር ጭቃ ሆኖ እየተግተለተለ ወጣ። አፍንጫዬን ያዝኩ። ውሃውን ግማሽ ድረስ አፍስሱት፣ ከምንጩ ቦይ አዲስ ውሃ ልቀቁበት፣ አተላውን ጥረጉ አለች። ቀጥላም ውሃው እስኪጠራ ድረስ ማንም ምንም እንዳይበትን አዘዘች።

እናቴ በኦሮምኛ፣ እንደ መማጠን በሚመስል ድምፅ፣ ታዲያ ተርበው ቢሞቱስ ብላ ጠየቀቻት። ባለሙያዋ እንጨቱን ጥላ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አልራባቸውም፣ እማማ። ሰውነታቸው ሲታመም ምግብ መቀበል ያቆማል፤ የመፍጨት አቅም የለውማ። አሁን የሚከብዳቸው ረሃብ ሳይሆን ምግቡ ነው።»

እናቴ ከወገቧ ላይ ቁልፉን ፈታ ሰጠችኝ። ባለሙያዋ ሞተሯን አስነስታ ከሄደች በኋላም ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች፤ ካፊያው ሲጀምር ጥላ ይዤላት ብሄድ እንኳ ማን እንደመጣ አላየችም።

ኩሬውን ከወፍጮ ቤት ሠራተኛው ጋር ጠረግነው፤ አፌ እንደ ልማዱ እየተሳደበ፣ እጄ ደግሞ ያንን ግም አተላ በባልዲ እያወጣ። ከምንጩ የለቀቅነው ውሃ ቀስ እያለ ይገባል። ከዚያ በኋላ የቀረው መጠበቅ ብቻ ነበር። እነዚያ ቀናት እርስ በርስ ተደባልቀውብኛል፤ ጠዋቱ የትኛው፣ ከሰዓቱ የትኛው እንደነበር እንጃ። ደመናው ከዛፎቹ አናት አይነሳም፣ የባሕር ዛፉ ጠብታ ያለማቋረጥ ይወርዳል። እናቴ ኩሬው ዳር ባዶ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች፣ እኔ በሩ ላይ ሆኜ እሷን አያለሁ፤ አንዳንዴ ቁጭ እንዳልኩ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ስነቃ አልተንቀሳቀሰችም። ሻይዋ አጠገቧ ይቀዘቅዛል። እሷ ሳታውቅ ክንዷን በዓይኔ እለካለሁ፤ አምባሩ እስከ ክርኗ ድረስ ይንሸራተታል።

አንድ ቀን ለቅሶ ያመለጠው የቡሬ ነጋዴ ይቅርታ እየጠየቀ መጣ። ስለ ሰደቃው መንገድ ላይ ሰምቶ ኖሮ ፌስታል ሙሉ ዳቦ ይዟል። ከእኔ አፍ ክፉ ነገር ሊወጣ ሲል እናቴ ቀድማ ተነሳችና ፌስታሉን ከእጁ ተቀበለችው። ደግ አደረግክ፣ አላህ ይቀበልህ፣ ለመንገደኛ እንሰጥልሃለን አለችው። ወደ ውሃው እያየችም ጨመረች፤ እነሱን አሁን አልራባቸውም። ይህን ስትል ድምፅዋ የባለሙያዋን ይመስል ነበር። ቃሉን እየሞከረችው እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

ውሃው እየጠራ ሄደ። የተንጠለጠሉት አንድ በአንድ ወደ ታች ተመለሱ። ከዚያ አንድ ጠዋት ጉሙ ሲገፈፍ ኩሬው ውስጥ ጥላ ሲያልፍ አየን፣ ከዚያም ሌላ ጥላ። እናቴ እጇን ወደ ውሃው ዘረጋች፤ ወደ ጣቷ መጡ። ሮጬ ጎተራውን ከፍቼ በጣሳ አመጣሁላት። ከጣሳው ጥቂት ብቻ ቆንጥራ በተነች። ውሃው ፈላ። ተጋፉ፣ ተላፉ፣ ጅራታቸው ውሃ ረጨን። ደስ ብሎኝ ጨምሪላቸው እንጂ አልኳት፣ እኔ ነኝ ይህንን ያልኩት! እሷ ግን ገና እየፈለጉ እጇን አነሳች። ጣሳውንም ለእኔ አቀበለችኝ።

አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጥን። ጫጫታቸው ረገብ ሲል ጠየቀችኝ። ዓይኗ ከውሃው አልተነሳም።

«ያን ቀን ማንኪያውን ሲገፋው፤ አልራበውም ነበር ማለት ነው?»

«አልራበውም፣ እማዬ። ሰውነቱ ነው እምቢ ያለው።»

«አልተቀየመኝም?»

«አንቺን? አባባ?»

ያኔ ነው ያለቀሰችው። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፅ አውጥታ፣ ትከሻዬ ላይ ተደፍታ። ሻርፗ ከራሷ ወርዶ ሽበቷ ጉንጬን ነካኝ፤ እኔም አብሬያት አነባሁ፣ አልከለከልኳትም፣ አይዞሽም አላልኳትም። ካፊያው መጥቶ ኩሬውን ነካ ነካ አድርጎት ሄደ። ስትጨርስ ፊቷን በውሃው ታጠበች፣ ሻርፗን አስተካከለች፣ ቀና ብላ ወደ ኩሽናው አየች።

«እስቲ ተነሺ፣ ያለውን ነገር አምጪልኝ» አለችኝ። «ርቦኛል።»